312 ከ312፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ታዳጊዎች ክትባት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በስልኬ ደጋግሞ የደረሰኝ አንድ ጽሑፍ አለ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። አንዷማ «ሲስተር፣ እስኪ አንብቢው፣ እውነቱን ነው አይደል?» ብላ ጨምራበታለች። ጽሑፉ የአካል ጉዳት ያለባቸው ታዳጊ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለምን እንደማይወስዱ የሚያወራ ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ማንም አያነሳውማ። ምክንያት ብለው የደረደሯቸው ነገሮች ግን እንቅልፍ ነሱኝ።

ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ወላጆች ስለሚያፍሩ ልጆቹን ይደብቋቸዋል። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ዘመቻ ለእነሱ ተብሎ አይቀየርም። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ለእነሱ ያን ያህል አያጣድፍም። ሰውነታቸው ደካማ ስለሆነ ባይነኩ ይሻላል። ደግሞም ክትባቱ በየጤና ጣቢያው በነጻ አለ፣ የፈለገ ሄዶ መውሰድ ይችላል። መፍትሔ ያሉት ደግሞ ለእነሱ ብቻ የሚሆን የተለየ የክትባት ቀን ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ዘመቻ ሲመጣ የክትባት ሳጥን ተሸክሜ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስዞር ዓመታት አልፈውኛል። ስለዚህ ጸሐፊውን ከመንካቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ።

በአንዱ ዘመቻ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ርዕሰ መምህሩ ጎበዝ ናቸው፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሴት ተማሪዎች በሙሉ በየክፍሉ ዘርዝረው ጠበቁን። 312 ልጆች። በሁለት ቀን 308ቱን ከተብን፣ የቀሩት 4ቱ በሦስተኛው ቀን መጡ። 312 ከ312፣ መቶ በመቶ። ማታ ሪፖርቴን በቴሌግራም ላክሁ፣ ጭብጨባው ዘነበልኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ። በማግስቱ የቀረ ዕቃ ልወስድ ስመለስ ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ውሃ ልገዛ ገባሁ። ከሱቋ ጎን በረንዳ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። እግሮቿና አንድ እጇ ግትር ብለዋል፣ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነው። እናቷ «ስትወለድ ታፍና ነው» አለችኝ። ሴረብራል ፓልሲ ነው፤ አንጎል ተጎድቶ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር። ዕድሜዋን ስጠይቅ 13 አለች። ልጅቷ ቃላቶቹን ቀስ እያደረገች «ትናንት ልጆቹ ክንዳቸውን ይዘው ሲወጡ ነበር» አለችኝና ሳቀች። ምን እንደነበር ሳስረዳቸው እናትየዋ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ሲስተር፣ ይሄ ለእሷም ይሆናል እንዴ?» አለች።

እኔ ሳጥኑን ባዶ አድርጌ መልሼዋለሁ። መቶ በመቶ ጨርሼ የለ!

እንግዲህ ከዚህ በረንዳ ሆነን የጸሐፊውን ነጥቦች እንያቸው።

ወላጆች ይደብቋቸዋል ለሚለው፣ የሚደብቅ የለም አልልም። እርግማን ነው የሚል ጎረቤት አለ። እህቷን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሲመጡ ልጅቷን ጓዳ የሚያስገባ ቤተሰብም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያቺ የበረንዳዋ ልጅ ከማን ተደበቀች? መንገድ ዳር ናት። ርዕሰ መምህሩ ጠዋትና ማታ በፊቷ ያልፋሉ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከዚያው ሱቅ ነው ስኳር የምትገዛው። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ በፊቷ ተመላልሻለሁ። ልጅቷ የሌለችው ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ የትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ነበር።

እናትየዋ ክትባት ጠላሁ አላለችም። ማንም ጠይቋት አያውቅም። የልጅቷን የሕፃንነት የክትባት ካርድ አውጥታ አሳየችኝ፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ከመታወቂያዋ ጋር የተቀመጠ ነው። በ6 ሳምንቷ፣ በ10፣ በ14፣ ከዚያ የኩፍኝ በ9 ወሯ። አንድም የጎደለ የለም። ይህች ሴት ልጇን አዝላ ጠበል ከርማለች፣ አዝላ ሆስፒታል ተመላልሳለች፣ ወገቧ እምቢ እስኪላት ድረስ ለፊዚዮቴራፒ ስትመላለስ ቆይታለች። ለልጇ ጤና ግድ የላትም የሚል ሰው ካለ መጥቶ ለእሷ ይንገራት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሕፃን ስትታዘል ክትባቷ ሙሉ ነው። 13 ዓመት ሲሞላት 35 ኪሎ ናት። የታዳጊዎች ክትባት የሚመጣው ልክ ልጅቷ መታዘል በማትችልበት ዕድሜ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት ስለሚገኙ እኛም እዚያው እንጠብቃለን። የእናት ፍቅር በ9 ወርና በ13 ዓመት መካከል ቀንሶ አይደለም፣ የልጅ ክብደት ጨምሮ ነው። የወላጅ አለማወቅ እያልን የምንጽፈው ብዙ ጊዜ ይሄን የወገብ ሕመም ነው።

ቁጥራቸው ትንሽ ነው ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ያ ቆጠራ በአገሪቱ ያሉ አካል ጉዳተኞችን 1 በመቶ ገደማ ነው ያደረጋቸው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። በእርግጥ ይህ ማየትና መስማትንም፣ እርጅና ያመጣውንም ይጨምራል፤ የእግርና የእጅ ጉዳት ብቻ አይደለም። ቢሆንም ኢትዮጵያ ብቻ ከዓለም ተለይታ አንድ በመቶ ላይ ትቆማለች ብሎ ማመን ይከብዳል። በተለይ የልጅነት ልምሻን፣ ጦርነትን፣ የመኪና አደጋን፣ ያለሐኪም የሚወለድ ልጅን ለምናውቅ ሰዎች።

ልዩነቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። በር አንኳኩተህ «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብትል ሰው «እግዜር ይመስገን፣ የለም» ይልሃል። «ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት የሚቸገር አለ?» ብትል ግን «አዎ፣ ያቺ ትንሿ» ይልሃል። የዋሽንግተን ግሩፕ የሚባሉት ስድስት ጥያቄዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ማስታወስ፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ስለ መግባባት ይጠይቃሉ። ስም አይለጥፉም።

በዘመቻ በምሞላው ቅጽ ላይ ዕድሜ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። ልጅቷ መራመድ ትቸገር እንደሆነ የምጽፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ስንት አካል ጉዳተኛ ልጅ እንደከተብን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ካልቆጠርን በኋላ ደግሞ «ቁጥራቸው ትንሽ ነው» እንላለን። ዩኒሴፍ በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት በዓለም ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉ ብሏል፤ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የማደግ ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች በ49 በመቶ ከፍ ያለ ነው። እኛ ክትባቱን የምናድለው የት ነው? ትምህርት ቤት።

ልብ በሉ፣ ትምህርት ቤት መስጠቱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ክትባቱ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው። በዓለም ላይ እጥረት ስለነበር 14 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ብቻ፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ዶዝ ነበር የሚሰጠው። ያኔ ሁለት ጊዜ ማምጣት ለሁሉም መከራ ነበር፣ መራመድ ለማትችል ልጅ ደግሞ አስቡት። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዶዝ ይበቃል ሲል ነገሩ ቀለለ። በ2017 ዓ.ም ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን በአንድ ዶዝ ለመድረስ ነበር የታቀደው። ትምህርት ቤት ባይኖር ይሄ አይታሰብም። ግን አንድ መርፌ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ከመጣ፣ ለአንዲት ልጅ አንድ ጊዜ ቤቷ ድረስ መሄድ እንዴት ነው የሚከብደን?

አሁን ወደሚያናድደው። ጸሐፊው በጨዋ ቃል ነው ያስቀመጡት፤ «ቅድሚያ ለተጋላጮች» ይላሉ። ሲተረጎም እነዚህ ልጆች አያገቡም፣ ወንድ አይነካቸውም፣ ስለዚህ ምን ያደርግላቸዋል ነው። ይህን ጸሐፊው ብቻ አይደሉም የሚያስቡት። አንድ አስተማሪ፣ ጥሩ ሰው፣ በክራንች የምትሄድ ተማሪውን ከሰልፍ አውጥቶ «ይቺን እንኳ ተዋት፣ መጀመሪያ ቤተሰቧን እንጠይቅ» ያለኝ ጊዜ አለ። ለሌሎቹ 40 ልጆች እንዲህ አላለም። ልጅቷ ሰምታለች። ጆሮዋ ላይ ምንም ችግር የለበትማ። በኋላ ስወጋት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ሲጀመር ያገባሉ። በክራንች ሄዳ፣ በዊልቸር ሄዳ ያገባች፣ የወለደች፣ ልጆቿን ያስተማረች ሴት የማያውቅ ሰው ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ለመጻፍም ይከብዳል፣ ግን ልበለው። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ አለ። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለወሲባዊ ጥቃት የመጋለጣቸው ዕድል ከሌሎች ልጆች 2.9 እጥፍ ነው ይላል። መሮጥ አትችልም፣ ቤት ብቻዋን ትቀራለች፣ የሚያለብሳትና የሚያጥባት ሌላ ሰው ነው፣ ብትናገር የሚያምናት ጥቂት ነው። ታዲያ «ተጋላጭ» የሚባለው ማን ነው?

ሌላም አለ፣ ይሄን ደግሞ እኔ በየቀኑ ስለማየው ነው። የማህጸን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ነው። ያልተከተበች ሴት የሚቀራት ምርመራ ነው፤ 30 ዓመት ካለፋት በኋላ አልጋ ላይ ወጥታ፣ እግሯን ከፍታ፣ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶላት የሚታይ ምርመራ። ያ አልጋ ከፍ ያለ ነው። እግሯ የማይታጠፍ ሴት እንዴት ትወጣበታለች? ሁለት ወንድ ጠርተን አንስተናት እናውቃለን፤ አፍራ ሁለተኛ አልመጣችም። ቢገኝባት ደግሞ ሕክምናው ሩቅ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ወረፋውም ያው የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ምርመራውም ሕክምናውም ለሚርቃት ልጅ መርፌው ከማንም በላይ ያስፈልጋታል። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል።

ሰውነታቸው ደካማ ነው ለሚለው፣ ይሄ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። የኤችፒቪ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ የቫይረሱን ልባስ የመሰለ ፕሮቲን ብቻ ነው። በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ልጅቷ ከዚህ በፊት ለክትባቱ ይዘት ከባድ አለርጂ ካሳየች አይሰጥም፤ በዕለቱ ጠንከር ያለ ትኩሳት ካላት እስኪሻላት ይጠበቃል። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ሽባነት፣ የተቆረጠ እግር፣ የጎበጠ ጀርባ፣ ሴረብራል ፓልሲ አንዳቸውም ክልከላ አይደሉም።

ጥንቃቄ የለም ማለት ግን አይደለም፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። የክንዷ ጡንቻ የሟሸሸ ወይም ክንድ የሌላት ልጅ ከጭኗ ፊት ለፊት በጎን በኩል ነው የምትወጋው። ጡንቻዋ የሚገታተር ልጅ ደግሞ በደንብ ተደግፋ፣ ዘና ብላ፣ የተሻለው እጇ ተመርጦ ነው፤ ተጣድፈህ ብትይዛት ይብስባታል። አከርካሪያቸው ሳይገጥም የተወለዱ፣ ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ለላቴክስ አለርጂ ስለሆኑ ጓንቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አንድ ዶዝ አይበቃትም፣ ቢያንስ ሁለት ቢቻል ሦስት ነው። ከመርፌው በኋላ እንደማንኛውም ልጅ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆያለች። (በዊልቸር ያለችውማ ወንበሯን ይዛ ነው የመጣችው፣ እኛ እሷን ትተን ለሌሎቹ አግዳሚ እንፈልግ።) ይህ ሁሉ ተደምሮ አምስት ደቂቃ ቢጨምር ነው።

በነጻ ነው፣ ሄዶ መውሰድ ይችላል። ይሄን ሳነብ እውነት ለመናገር ሳቅሁ። መርፌው ነጻ ነው። ባጃጁ ነጻ አይደለም፤ በሰልፍ የሚሳፈሩበትም አይደለም፣ ኮንትራት ነው፣ ደርሶ መልስ። እናት የዚያን ቀን እንጀራዋን አትሸጥም። የታክሲ ረዳት ክራንች ሲያይ ጊዜ «ሞልቷል» ይላል፣ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው። ከዚያ በር ላይ ደረጃ አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ የሚያገለግሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዟል፤ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ክትባት የሚሰጥበት ክፍል ፎቅ ላይ የሆነበት ቦታ እኔም ሠርቻለሁ። ከታች ተቀምጣ የጠበቀች ልጅ ጋ ወርጄ የሰጠሁበት ቀን አለ፣ ሰው በዝቶ ረስቻት እናቷ ይዛት የተመለሰችበትም ቀን አለ።

ደግሞ ቤት ለቤት መሄድ አንችልም የሚለውን ማንም አይንገረኝ። ለፖሊዮ ሄደናል። በየበሩ በጠመኔ ምልክት አድርገናል፣ የሕፃናት ጣት ላይ ቀለም ቀብተናል፣ እረኛ ልጅ ሜዳ ድረስ ተከትለን ጠብታ ሰጥተናል። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም ሶማሌ ክልል ውስጥ 10 ሕፃናት በፖሊዮ ሲያዙ አገር ምድሩ ተንቀሳቅሷል። ያ ሁሉ ቤት ለቤት ልጆች ሽባ እንዳይሆኑ ነው፣ ደግ ነው። ሽባ ሆና ላደገችው ልጅ ሲሆን ግን «ጤና ጣቢያ ትምጣ» እንላለን። ይሄ አይገርምም?

የተለየ ቀን ይዘጋጅ የሚለው ሐሳብ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ዊልቸርና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው ማዕከላት ልጆቹ የሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች ስለሆኑ እዚያ ሳጥን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። እኔም እሄዳለሁ፣ ይጥሩኝ። ግን ትምህርት ቤት ያለችውን ልጅ «አንቺ የእናንተ ቀን ጠብቂ» ብሎ ከጓደኞቿ መነጠል የዚያን አስተማሪ ነገር መድገም ነው። ከማዕከልም ከትምህርት ቤትም ውጭ ያለችውን የበረንዳዋን ልጅ ደግሞ የተለየው ቀንም አያገኛትም፤ ማን ወስዷት? የሚያስፈልገው ከዘመቻው በፊት፣ ማይክሮፕላን የምንለው የየቀበሌው ዝርዝር ዕቅድ ሲሠራ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌዋን ስትዞር አንድ ጥያቄ እንድትጨምር ነው። ለመራመድ የምትቸገር፣ ትምህርት ቤት የማትሄድ ሴት ልጅ አለች? ስሟ ይጻፍ። ለእሷ አንድ ግማሽ ቀን ይመደብ።

የበረንዳዋን ልጅ ጨርሼ ልሂድ። እመለሳለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ሥራ ነው፣ ሰበብም ነው። ስመለስ እናቷ ምጣድ ላይ ነበረች። ልጅቷ ገና ከሩቅ አይታኝ «መጣች!» አለች። ትከሻዋን ደግፋ የያዘቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ የቀኝ እጇ ስለሚገተር በግራው ሰጠኋት። አልጮኸችም። ስጨርስ ጥጡን በሌላው እጇ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ እህቷ ያዘችላት፣ ከዚያ አጥሩ ማዶ ያሉት ልጆች እንዲያይዋት ወደ ውጭ አዙሩኝ አለች።

እኔ ታሊው ላይ፣ የተከተቡት በሚቆጠሩበት ቅጽ ላይ፣ ጻፍኳት። 313 ከ312። ሪፖርቱን ከሚሰበስበው ሰው ስልክ ተደወለልኝ፦ «ከመቶ በላይ አይቻልም፣ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል፣ አንዷን ቀንሺ።» ዝርዝሩን አስተካክሉት አልኩት። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት የመጣ ስለሆነ አይነካም አለኝ። እኔም አልቀነስኳት።